የሚዳቋዋ ዋስ

አያ ስንሻው ማረፋቸውን የነገረኝ ጎረቤታቸው አድማሱ ነው። ዳንግላ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ቃል ይሰጠኛል፣ ግማሹን ያስቀርብኛል። «አያ ስንሻው... ትናንት... ቀበርናቸው» አለኝ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል፣ «ሚዳቋዋ ያለ ዋስ ቀረች እኮ» አለና ዘጋው። ሽንኩርት ሻጯ ዓይኔን አይታ «ምነው እህቴ፣ ገና ሳትከትፊው?» አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። አያ ስንሻው ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ቀልድ ለየመንገደኛው ያወሩት ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት በጥርባና በዘንገና መካከል ባለ አንድ ቀበሌ፣ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ነው። ቤት ያከራዩኝ አያ ስንሻውና ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ነበሩ። አዊኛ ስለማልችል መጀመሪያ አካባቢ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ስለ እኔ የሚያወሩ እየመሰለኝ እሳቀቅ ነበር። ኋላ ስረዳው ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ አያ ስንሻው ደግሞ ለማን ዋስ ሆነው እንደመጡ።

አያ ስንሻው ለረጅም ዘመን የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ወንበሩን ቢለቁም ሥርዓቱ እሳቸውን አልለቀቀም። «ወጡ ጨው አንሶታል» ሲሉ እትዬ ፈንታነሽ «ምስክር ቁጠር!» ይሏቸዋል። እሳቸውም ምንም ሳይስቁ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ቅመሽና እውነቱን ተናገሪ» ይላሉ። ከሁለቱም ጋር መኖር ስለነበረብኝ ጨውን በተመለከተ እውነቱን ተናግሬ አላውቅም።

ኮፍያቸው የነገሩን ዓይነት ይናገር ነበር። ጭንቅላታቸው ላይ ካለ ጨዋታ ነው፤ እንደልብ መሳቅ፣ ሰው ማማት፣ መዋሸትም ይቻላል። አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ካስቀመጡት ግን ችሎት ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ሕፃን እንኳ ቢያለቅስ «ተራውን ይጠብቅ» ይሉ ነበር። አጭርና ወፍራም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስል ከማዶ ይሰማል።

ዋስ መሆን ደግሞ ነፍሳቸው ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ሲታረቅ፣ ጎረምሳ ጠጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ፣ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ «ዋስ ጥራ» ከተባለ አያ ስንሻው ከወዲያ ማዶ «አለሁ!» ይላሉ። አንዳንዴ ጉዳዩን የሚጠይቁት ዋስ ከሆኑ በኋላ ነው። እትዬ ፈንታነሽ «ይኼ ሰው አንድ ቀን ለዝናብ ዋስ ይሆንና ሰኔ ሲዘገይ አገር ይጠይቀናል» ይሉኝ ነበር። በሆዳቸው ግን የሚኮሩባቸው ይመስለኛል፤ ጎረቤት እሳቸውን ሲያማ ቀድመው የሚቆጡት እትዬ ፈንታነሽ ነበሩ።

አሁን ስለ ሚዳቋዋ ልናገር። ቀበሌያችን እንዳለ ዲከረንስ ለብሷል። ይህን ዛፍ እኔ ራሴ ከችግኝ ጣቢያ እያወጣሁ ያከፋፈልኩ ነኝና ክፉ አልናገረውም። ሰው ከሰል አክስሎ ሽጦበት ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል። ግን ዛፉ ሲደርስ ማሳው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ በዚያ ውስጥ የተሸሸገ ፍጥረት በአንድ ጀንበር ሜዳ ላይ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ፣ በልጅነታቸው ሚዳቋ እስከ ግምጃ ቤት መንገድ ድረስ ከየቁጥቋጦው ዘልላ ትወጣ ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ሚዳቋ ያለችው በአንዲት ጥሻ ውስጥ ብቻ ነው። ጥሻዋ የወል መሬት ናት። በአንድ በኩል መንገድ፣ በሁለት በኩል የቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ በቀረው በኩል ደግሞ የአድማሱ የባቄላ ማሳ ያዋስናታል።

አድማሱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ታታሪና ቁጡ ገበሬ ነበር። አንድ ጠዋት «ሚዳቋ ባቄላዬን ጨረሰችው! ጥሻው ይመንጠር!» እያለ ቀበሌ መጣ። መሬት የሌላቸው ወጣቶችም ዲከረንስ ሊተክሉበት ጥሻውን ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይቆይ ይላሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለቱም ወገን ጋር መጣላት አልፈለገም። «መሬት ለወጣቶቹ ከታች የተራቆተውን እንሰጣለን። ጥሻው ግን አዋሳኙ ገበሬ ካልከሰሰ ይቀመጣል፣ ከከሰሰ ይመነጠራል። ከአድማሱ ጋር ሽማግሌ ይጨርሰው» አለና ነገሩን ከራሱ ላይ አወረደ። ወጣቶቹም የተራቆተውን ተቀብለው፣ ጥሻውን በጎን ዓይን እያዩ ቆዩ።

እንዲህ ሆኖ ነው ሽምግልናው የተቀመጠው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር። ሰብሳቢው ቄስ ታከለ ነበሩ። እኔ በባለሙያነቴ ተጠርቻለሁ። አያ ስንሻው ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ቄስ ታከለ «የእርሻዋ፣ ይቺ እንስሳ በተማሩት ዘንድ እንዴት ናት? እያለቀች ነው ይላሉ ወይስ ሞልታለች?» ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርክ የሚገኝበት ድንጋይ ላይ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩና ያገኘሁትን አነበብኩላቸው። በዓለም ደረጃ ሲታይ የመጥፋት ስጋት እምብዛም ከሌለባቸው ውስጥ ናት ይላል።

አድማሱ በደስታ አጨበጨበ። «ሰማችሁ አይደል? ዓለም ሙሉ ሚዳቋ አለ! የእኔ ባቄላ ግን ያለው እዚህ ብቻ ነው!»

አያ ስንሻው ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አድማሱ፣ በዓለም ላይ ሰው ሞልቷል ወይስ አልሞላም?»

«ሞልቷል እንጂ!»

«እንግዲያው ነገ አንተ ብትሞት እኔ ምን ብዬ ድንኳን እተክላለሁ? ዓለም ሙሉ ሰው አለልኝ።»

ወይራው ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ አድማሱም ሳይወድ ከንፈሩ ተላቀቀ። እኔም ቀበል አድርጌ፣ ያነበብኩት ስለ ዓለሙ ሁሉ እንደሆነ፣ አንድ ፍጥረት በዓለም ላይ ሞልቶ ከአንድ አገር ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አስረዳሁ። ቄስ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግን የሰውየው ባቄላ መበላቱ እርግጥ ነው። በደል አለ። በደል ካለ ተጠያቂ ይኖራል» አሉ።

አድማሱ ለማሾፍ ብሎ «ተከሳሽዋ ዋስ ትጥራ!» አለ። ወደ ጥሻው ዞሮም እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ዋስ ጥሪ ተብለሻል!» ብሎ ተጣራ።

«አለሁ!» አሉ አያ ስንሻው፣ እመር ብለው ተነሥተው።

ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ኮፍያው ግን እጃቸው ላይ ነው። ቄስ ታከለም ይህን አይተው ውሉን በሥርዓቱ ተናገሩት። ሚዳቋዋ የአድማሱን ማሳ በነካች ቁጥር ዋሱ መጥተው በጉልበታቸው ይክሱታል። አድማሱ ወጥመዱን ያነሣል። ዋሱ እስካሉ ድረስ ጥሻው አይነካም፤ ዋሱ ካልኖሩና ሌላ ዋስ ካልተተካ ግን ውሉ ፈረሰ፣ ጥሻው ተመነጠረ ማለት ነው። አያ ስንሻው ይኼ ብቻ አልበቃቸውም። «በጥሻው ውስጥ ከእሷ የሚያንስ ፍጥረት ሁሉ በእሷ ዋስትና ይጠቃለልልኝ» አሉ። ጥንቸል ገባች። ሽኮኮ ገባች። አይጥም እንዳቅሟ ገባች። ጃርት ላይ ሲደረስ ክርክር ተነሣ፤ አድማሱ ጃርት ከሚዳቋ አታንስም ብሎ ድርቅ አለ።

«ጃርትን ተዉት» አሉ አያ ስንሻው በመጨረሻ። «ድንች እየቆፈረች ስታድር አውቃታለሁ። ጠባዩን ለማላምነው ዋስ አልሆንም።»

ማታ እትዬ ፈንታነሽ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ለሁለት እግር ዋስ ስትሆን ኖርክ፣ ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ ለአራት እግር!» አሉ። አያ ስንሻው «አራት እግር ያለው የቆመበት ቦታ ይጸናል» ብለው መለሱላቸው።

የሚገርመው ነገር፣ አያ ስንሻው ዋስ የሆኑላትን ሚዳቋ በደንብ አይተዋት አያውቁም ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ያወቅሁት አንድ ጠዋት አብረን በጥሻው ጥግ ስናልፍ ነው። ከቁጥቋጦው ሥር ቆማ አየኋት። ከትልቅ ፍየል ታንሳለች፤ ቀጭን እግር፣ ቀጥ ያለ ጆሮ፣ እርጥብ ጥቁር አፍንጫ። ክንዳቸውን ያዝ አደረግሁና አቅጣጫውን አሳየኋቸው።

«የት? የት?» አሉ በሹክሹክታ፤ የሳቸው ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«ከወይራው በስተግራ። አላዩዋትም?»

«እኔ የማየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ምን ታደርጋለች?»

«ቆማ ታየናለች።»

«ከስታለች?»

«አልከሳችም። ወዟ ያምራል።»

«ልጅ ይዛለች?»

«አላየሁም። ኧረ ሄደች!» ጎንበስ ብላ በቀኝ በግራ እየተጣጠፈች ገባች። አያ ስንሻው ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰሙና ፊታቸው በራ። «እሱን ሰማሁት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር «ተከሳሼን አየሻት? እንዴት ዋለች?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። ባላያትም «ደኅና ናት» እላቸው ነበር።

ካሳው ግን ለአድማሱ ሌላ ጉዳት ሆነበት። አያ ስንሻው ዕድሜያቸውን በችሎት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ዶማ ሲይዙ የሚያስፈራው ለራሳቸው እግር ነው። የመጀመሪያ ቀን አረም ብለው የነቀሉት ግማሹ ባቄላ ነበር። አድማሱ «አያ ስንሻው፣ ሚዳቋዋ ከእርስዎ ትሻለኛለች! እሷ ጫፉን ነው የምትቀጥፈው፣ እርስዎ ከነሥሩ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማሳው ዳር በጉቶ ላይ አስቀመጣቸው። እሱ ይቆፍራል፣ እሳቸው ያወራሉ። ስለ ድሮ ችሎት፣ አህያውን ምስክር አድርጎ ስለጠራው ባላገር፣ ከአቤቱታው ይልቅ ሙሾ ስላቀረበችው ሴትዮ። እኔ ችግኝ ለመጎብኘት ሳልፍ የሁለቱ ሳቅ ከመንገድ ይሰማኝ ነበር። ካሳው እንዴት እንደሚቆጠር ስጠይቃቸው አያ ስንሻው «ጉልበቴን በአፌ እየከፈልኩ ነው፤ ከሳሽ አልተቃወመም» አሉኝ።

አንድ ክረምት አድማሱ እንደገና ክስ ይዞ መጣ። አዲስ የበቀለው ባቄላ አንድ ጥግ ተግጧል። አያ ስንሻው ጭቃውን ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱ። «ኮቴዋ ነው፤ አምነናል» ብለው ለቀናት ካሳቸውን አወሩ። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ፈንታነሽ ከማሳው ውስጥ ባቄላ ሲያመነዥክ እጅ ከፍንጅ የያዙት ማንን ነው? የራሳቸውን በግ። በጉ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ የሰው እህል ይበላ ኖሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን አድበስብሶ በጉን ያስር ነበር። አያ ስንሻው ግን ሽማግሌ ሰበሰቡ። «ሚዳቋዋ ባልሠራችው ተከሳለች። እኔም ዋሷ ሆኜ ሳላጣራ አምኜባታለሁ። ስሟ ይጠራ፣ ይቅርታ ትጠየቅ» አሉ። አድማሱ «ለማን ነው ይቅርታው? ለጥሻው?» ቢል፣ «ለተበደለው ነዋ!» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያ ከወለቀ ወዲያ ደግሞ ማን ይከራከራቸዋል። ሁሉም ተያይዞ ወደ ጥሻው ጥግ ሄደ፤ ወጣቶቹ ሳይቀሩ ጉድ ሊያዩ ተከተሉ። አያ ስንሻው በአዊኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ሳቅ ሲያፍነው እኔ ብቻ ደርቄ ቆሜያለሁ።

«ምን አሏት?» ብዬ እትዬ ፈንታነሽን ጠየቅሁ።

«በጉ የኛ ነው፣ ነውሩም የኛ ነው፣ ቅር እንዳይልሽ አላት። ደግሞ በጉን ለበዓል እናርደዋለን ብሎ ቃል ገባላት።»

«በአማርኛ ቢሏት እኔም እሰማ ነበር» ስላቸው አያ ስንሻው ሰሙኝ። «እሷ የዚህ አገር ልጅ ናት። አማርኛ የት ትማር?» አሉኝ። ከዚያ አድማሱን ገፋ አደረጉት። እሱም ጆሮው እየቀላ፣ ሁለት ቃል ወደ ቁጥቋጦው ወረወረ። ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ዳንግላ ወደሚገኝ ቢሮ እስክዛወር ድረስ የአድማሱ ክስ አልቋረጠም። እንዲያውም በዛ። ባቄላ በሌለበት ወራት ሳይቀር «ገብሱን አሸተተችብኝ» እያለ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ለእትዬ ፈንታነሽ «ሚዳቋዋ ይህን ያህል ትበላለች እንዴ?» አልኳቸው። እጃቸውን ከሊጥ አንሥተው አዩኝ። «አንቺ ደግሞ ተምረሻል ይሉሻል! አድማሱ ሆድ ሲብሰው ነው ሚዳቋ የምትበላው» አሉኝ።

ከአድማሱ ስልክ በኋላ በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሚኒባሱ እንጅባራ አወረደኝ፣ ከዚያ በባጃጅ ቀጠልኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ብቻ ነው። ጥሻዋን ከሩቅ ሳያት አሁን የቆመችው በማን እንደሆነ አሰብኩ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። እትዬ ፈንታነሽ አቅፈውኝ አለቀሱና ወዲያው «ጨው አነሰው የሚለኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን። አድማሱ ከድንኳኑ ጥግ ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ከምሳ በኋላ ቄስ ታከለ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሟች ያሰሩት ቃል ካለ በለቅሶው ላይ መነሣቱ እዚያ የተለመደ ነው። «አያ ስንሻው ያልተዘጋ ዋስትና አላቸው» አሉ። «ዋሱ አርፈዋል። ሌላ ዋስ ካልቆመ ጥሻው ይመነጠራል። ሌሎች ወጣቶችም ደርሰው መሬት እየጠየቁ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ለሚዳቋዋ ዋስ የሚሆን አለ?»

ዋስ የሚሆነው የቀበሌው ነዋሪ ነው፤ እኔ ከዚያ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን በመዛወሬ ተቆጭቼ አላውቅም። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ፈንታነሽ በጉልበታቸው ተደግፈው ሊነሡ ሲሞክሩ ከጥጉ ድምፅ መጣ።

«አለሁ!»

አድማሱ ነው። ድንኳኑ አጉረመረመ።

ቄስ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተማ ከሳሹ ነህ። ከሳሽ ለከሰሰው ዋስ ሲሆን አይተን አናውቅም። ሟቹ ቢኖሩ ከሁሉ በፊት የሚቃወሙህ እሳቸው ናቸው።»

ትንሽ ሳቅ ተሰማ። አድማሱ ግን አልሳቀም።

«ክስህን አንሣዋ!» አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

«እሱን ካነሣሁ ምን ይቀረኛል እትዬ ፈንታነሽ?» አለ አድማሱ። «የምትበላው እኮ እፍኝ አይሞላም። በልታም ከሆነ ነው። እኔ እሳቸው እንዲመጡልኝ ነበር። ከእንግዲህ ብከስስ ማን መጥቶ ጉቶው ላይ ይቀመጥልኛል?» እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ትከሻውን ቀና አደረገ። «እሺ፣ አንሥቻለሁ። ሁላችሁም ስሙኝ። ሚዳቋዋ ላይ ያለኝን ክስ አንሥቻለሁ። አሁን ዋስ አድርጉኝ።»

የቄስ ታከለ ፊት ፈካ፤ ሊቀመንበሩን ዞረው አዩት፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ።

«ክሱ ከተነሣማ ተከሳሽ የለችም» አሉ ቄስ ታከለ። «ተከሳሽ ከሌለች ዋስም አያስፈልጋት። ጥሻው እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚነካው የለም። ነገሩ አልቋል። በል ተቀመጥ አድማሱ።»

አድማሱ አልተቀመጠም።

«ቢሆንም አለሁ» አለ።